ትንሽ ወደ ግራ

ቤታችን ቱሉ ዲምቱ ነው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ውሃ ሌሊት የምትመጣበት፣ እንደ ሌባ ሳትታይ።
በረንዳው ጀሪካን ነው፣ የልብስ ገመድ ነው፣
ለሥዕል የተረፈኝ አንድ ክንድ ቦታ ነው።
እዚያ ቆሜ ቧንቧውን እሰማለሁ፤
እሱ ደርቆ ይስላል፣ እኔ ወረቀት ላይ እስላለሁ፤
ማናችን ምን እንዳወጣን
እስኪነጋ አይለይም።

ትምህርት ከጀመርኩ አምስት ወር ሆነኝ።
እስካሁን የሠራሁት ቢቆጠር፦
አንድ ማሰሮ፣ ወደ ጎን ያዘነበለ፣
ሁለት ሽንኩርት፣ አንዱ ድንጋይ የመሰለ፣
የእናቴ እጅ፣ ስድስት ጣት ያለው።
እሷ ግን ሳቀች፦
«የሥራ ብዛት ነው ስድስተኛውን ያበቀለው።»

መምህር ፍሬስብሐት፣ ጣታቸው ሁሌም ጥቁር፣
በመካከላችን ሲያልፉ ነው እንጂ ቆመው አይናገሩም፦
«የምታውቂውን አትሳዪ። ያየሽውን ሳዪ።»
ይህን ብለው ሻይ ሊጠጡ ይወጣሉ።
ቃሉን ይዤ፣ ከስድስት ኪሎ እስከ ቃሊቲ፣
ሰሌዳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ በሰው ትከሻ መሃል።
ረዳቱ «ይሄ የሰው ቦታ ይዟል፣ ሂሳብ አለው» አለኝ።
ለማሰሮዬ ከፈልኩ።
ለሥራዬ ዋጋ ያወጣለት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ቅዳሜ ያየሁትን ልስል ወጣሁ፤
ከብሎኩ ጀርባ ጠጠር ክምር ላይ ተቀመጥኩ።
ያየሁት ይኸው፦ ብሎክ፣ ከብሎኩ ኋላ ብሎክ፣
መስኮት ያልገባላቸው ቀዳዳዎች፣
ጣሪያ ላይ የተሰለፈ ሮቶ፣
የሲሚንቶ ከረጢት የምትልስ አንዲት ፍየል።

ጋሽ ደቻሳ፣ የግቢያችን ዘበኛ፣ ከኋላዬ ቆመው
ብዙ ዝም አሉ፣ ዱላቸው ላይ ተደግፈው።
«ጥሩ ነው» አሉ። «ግን ግራሩን ረሳሽው።»

ቀና አልኩ። ግራር የለም።
የመኪና ማቆሚያ ነው፣ ጎማው የተነፈሰ ሚኒባስ የቆመበት።
«የት ጋሼ?»
በዱላቸው አየሩን ነካ አደረጉት።
«እዚህ። ሥሩ አውድማችን ነበር።
በሬዎቹ ሲዞሩ ጥላው አብሮ ይዞር ነበር።
ሚኒባሱ ያለበት፣ ጤፍ እናበራይ ነበር።»
ይህን ብለው ቁልፋቸውን አንሿሹ፣ ወደ በሩ ሄዱ፤
የውሃ ቦቴ መጥቶ ነበር።

እኔ ግራ ገባኝ።
መምህሬ ያየሽውን አሉ፣ ጋሽ ደቻሳ ያዩትን።
የማንን ዓይን ልዋስ?
ግራሩን ሁለቴ ሞከርኩት፣ እንደ ተዘረጋ ጃንጥላ፤
ሁለቴም የሆቴል ማስታወቂያ መሰለ። ቀደድኩት።

ሦስተኛው ሌሊት ቧንቧው ሲያጉረመርም ነቃሁ፤
ባልዲው እስኪሞላ ወረቀቱን ሙሉ በከሰል አጠቆርኩ፣
ብሎኩንም፣ ሰማዩንም፣ ፍየሏንም።
ከዚያ ከራት የተረፈ የዳቦ ልብ ቆርሼ
በጣቴ እያድቦለቦልኩ ከጥቁሩ ላይ አነሳሁ፣
ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ፣
እንክርዳድ ከስንዴ እንደሚለቅም ሰው።
ግንዱ ከወረቀቱ ንጣት ወጣ።
ምንም አልጨመርኩም፤
የሸፈንኩትን ነው የገለጥኩት።
ባልዲው ሞልቶ ፈሰሰ። እናቴ ጮኸች።
ከሥራችን ያሉት ወይዘሮ አልጋነሽ
ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደቡ።

ጠዋት ለጋሽ ደቻሳ ሰጠኋቸው።
መነጽር የላቸውም፤ ወረቀቱን ለፀሐይ አሳዩት፣
አራቁት፣ አቀረቡት፣
አውራ ጣታቸው እንደ መምህሬ ጠቆረ።
«ነው?» አልኩ፣ ድምፄ እንደ ቧንቧችን ደርቆ።
ሚኒባሱን አዩ። ወረቀቱን አዩ።
«ነው» አሉ።
«ብቻ… ትንሽ ወደ ግራ ነበር።»

ወደ ሱቅ ሄድኩ።
አንድ ዳቦ ስጠኝ አልኩት፤
የትናንት ቢሆን ይሻላል።